አሥር ደቂቃ ለመግሪብ



መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ቁልፍና ክሪክ የለመደው ጋራዥ አሁን ባትሪና ሶፍትዌር ገጥሞታል። ጥገናውን የሚመራ፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥን ባለሙያ ይፈለጋል። እዚሁ የካ የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በአውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ማስተርስ ይሰጣል።

ኢማም አል-ገዛሊ ሕዝብ ያለ እነሱ የማይኖርባቸውን ሙያዎች ፈርድ ኪፋያ ይሏቸዋል፤ የሚሠራቸው ከጠፋ ወንጀሉ የሁሉም ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቀን ሠርተን፣ ከቀበና ለመገናኛ ታክሲ ተሰልፈን የማታው ክፍል ስንደርስ መግሪብ ይገባል። ትምህርቱ ሲያልቅ ዒሻ ሆኗል። ስለዚህ «ሥራ፣ ትምህርትና ሶላት አብረው አይሄዱልኝም» ብሎ ማስተርሱን የሚተው አለ።

መተው መፍትሔ አይደለም። ሴሚስተሩ ሲጀመር፣ ለየብቻ ሳይሆን አብረን፣ ዕረፍቱ ከመግሪብ ጋር እንዲገጥም መምህሩን እንጠይቅ። ዕረፍቱ ለሁሉም ተማሪ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። እኛም ውዱእ አድርገን እንግባ። አሥር ደቂቃ ከተሰጠን በአሥራ አንደኛዋ ወንበራችን ላይ እንገኝ። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት በሩን ክፍት የሚያቆየው ሰዓት አክባሪነታችን ነው።

አላህ ያግራልን።