ሐረር የተቀመጠ ያያታል

ሰሞኑን የቁልቢ ተጓዦች ተመልሰዋል። ስለታቸውን ያስገቡ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ፣ ሻንጣቸው በድሬዳዋ ሸቀጥ ያበጠ ዘመዶች በየቤታችን እየገቡ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየን ጀመር። ሸዋ በር፣ የራምቦ ቤት፣ ሥጋ ከሰው አፍ የሚቀበል ጅብ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ሐረርን እንኳ በግማሽ ቀን ጨረስናት» አለ። ጠዋት ከቁልቢ ተነስተው፣ ከቀትር በኋላ ጀጎልን ዞረው፣ ማታ ጅብ አይተው፣ በዚያው ሌሊት ድሬዳዋ ወርደው አድረዋል።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቀሪውን መገመት አያቅታችሁም። ስለ ላሊበላም ስለ ጎንደርም ስጽፍ ያልኩትን ነው ደግሜ የምለው። ከተማ አይጨረስም። ሰው ለማረፍ ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ከሥራው ቀን የባሰ ሲሯሯጥ ሳይ እናደዳለሁ። ሐረር ላይ ሲሆን ደግሞ ንዴቴ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሐረር ለሚሮጥ ሰው ምንም እንዳታሳይ ሆና የተሠራች ከተማ ናት።

ቸኳዩን የሚያታልለው ትንሽነቷ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ የሚያቅፈው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። እግሩ የቀለለ ሰው በሸዋ በር ገብቶ በኤረር በር ለመውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ግን 82 መስጊዶች አሉ፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ናቸው። 102 የአውልያ መካናት አሉ። ከሦስት መቶ የሚበልጡ ጠባብ መንገዶች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያየው ግንቡን ብቻ አይደለም፤ ግንቡ ውስጥ ያለውን አኗኗርም ነው።

አኗኗሩ ደግሞ መንገድ ላይ አይታይም። በጀጎል መንገድ ስትሄዱ ግራና ቀኛችሁ ግድግዳ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ለበዓል የተቀባ ግድግዳ። መስኮት የለም ማለት ይቻላል። ከስንት እርምጃ በኋላ አንድ የእንጨት በር ይመጣል፤ እሱም ዝግ ነው። ጠባቡ መንገድ ላይ አህያ ከነጭነቷ ከመጣች ሰው ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያሳልፋታል። የአጎቴ ልጅ ግማሽ ቀን ሙሉ ያየው ይህንን ግድግዳ ነው። ከተማዋ ያለችው ከበሩ በስተጀርባ ነው።

በአንድ ወቅት አንዲት የሐረር ልጅ ወዳጄ ወደ አክስቷ ቤት ይዛኝ ገባች። ከበሩ በኋላ ግቢ አለ፤ ከግቢው በኋላ ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ቤት። ጫማችንን አወለቅን። ዓይኔ ከፀሐዩ ወደ ጥላው እስኪለምድ ቆምኩ። መጀመሪያ የታየኝ ቀዩ ወለል ነው። በጨለንቆ ጦርነት፣ በ1879 ዓ.ም፣ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ። ከወለሉ በላይ ነደባዎቹ፣ መቀመጫዎቹ፣ ደረጃ በደረጃ ወጥተዋል፤ ሁሉም ምንጣፍና ትራስ ለብሰዋል። የአባወራው ነደባ በሩን ፊት ለፊት ያያል፤ ማን እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደገባ ከዚያ ሆኖ ይታወቃል። ትልቁ ነደባ የእንግዳ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሸፍኗል፤ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ መሶብ፣ ሁሉም በሴቶች እጅ የተሰፋ፣ ገሚሱ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ። በአንድ ጎን ኪርታት የምትባለዋ ጠባብ ክፍል አለች። ድሮ ሙሽሮች የጫጉላ ቀናቸውን እዚያ ተዘግተው ነበር የሚያሳልፉት።

እኔ ቆሜ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ አክስቷ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ቆየሁባቸው መሰለኝ፣ «አቦ ቁጭ በይ! ምን ያቆምሻል? ስፌቱ የትም አይሄድም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሆጃ ቀረበ፤ የቡና ገለባ ከወተት ጋር የፈላ፣ ጨው ያለው። አክስቷ ከእኔ ጋር በአማርኛ እያወሩ የጎረቤት ልጅ ሲገባ በሐረሪ ይቆጡታል፤ ወተት ያመጣችው ሴት በር ላይ ስትጣራ በኦሮምኛ ይከራከሯታል፤ ስልክ ሲደወልላቸው ደግሞ ከሱማሌ ነጋዴ ጋር በሱማሊኛ ሒሳብ ይተሳሰባሉ። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ድምፃቸው እንኳ አይለወጥም። ሐረር በ1990ዎቹ ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት ማግኘቷን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዴት እንዳገኘችው የገባኝ እዚያ ነደባ ላይ ነው። ይህንን በግማሽ ቀን የሚያሳይ አስጎብኚ የለም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

ከቤት ስትወጡም ቢሆን መቀመጥ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚያወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ከየሱቁ ደጃፍ መኪናቸውን መንገዱ ላይ አውጥተው በእግራቸው ይረግጣሉ። ሴቶች ጨርቁን ከሱቁ ይገዙና እዚያው በር ላይ ልኩን አስለክተው ወሬያቸውን እያወሩ ይጠብቃሉ። ቸኳዩ ይህን ሁሉ አንድ ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። አንድ ቀሚስ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ እስኪያልቅ የጠበቀ ሰው ግን የሰፈሩን ሠርግም ለቅሶም ሰምቶ ይነሳል። ግድር መጋላ ያለው የሥጋ ገበያም እንደዚያው ነው። ጭልፊቶቹ በሥጋ ቤቶቹ ጣሪያ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ የግመል ሥጋ ይዞ የሚወጣ ሰው ዘንቢሉን ካልሸፈነ ከላይ ወርደው ይመነትፉታል። ልጆቹ የትኛው ጭልፊት መቼ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ከእነሱ ጋር ጥቂት መቆም ነው።

ጅቡንም አልጠላም። ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህ ለዓመታት ያበሉት ጅብ ልጃቸውን አባስንም አውቆ መምጣቱ፣ ጅቡን በስሙ እየጠሩ ማብላቱ፣ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፍላሹ በርቶ፣ ሥጋው በእንጨት ቀርቦ፣ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ የሚታየው ጅብ የታሪኩ ጭራ ብቻ ነው። የጀጎል ግንብ ሲሠራ ጅብ ሌሊት ገብቶ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች እንደተተዉለት፣ በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ እንደሚቀርብለት፣ እንዴት እንደበላ ታይቶ የዓመቱ ነገር እንደሚገመት የሚነግራችሁ የከተማው ሰው ነው፤ የሚነግራችሁም ከእሱ ጋር ከተቀመጣችሁ ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚሉኝ አሉ። ለሠርግ፣ ለመልስና ለቅልቅል ሳምንት የማናጣ ሰዎች ነን። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ጠንከር ያለው ሙግት ሌላ ነው። ቆይታ ብቻውን ይበቃል ወይ የሚል ካለ፣ አይበቃም እላለሁ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም ሐረር ገብቶ 10 ቀን ተቀምጧል። ቀኑን የቆጠረው አሚሩ መቼ እንደሚያሰናብቱት እየጠበቀ ነው። ተመልሶ ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ የደራሲውን ድፍረት በደንብ ያሳያል፣ የሐረርን የቤት ኑሮ ግን እምብዛም አያሳይም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ደግሞ በ1873 ዓ.ም መጥቶ፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም በሐረር ነግዷል፤ ከመጀመሪያዎቹ የሐረር ፎቶግራፎች መካከል የእሱ ይገኙበታል። ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጦ ለእናቱና ለእህቱ የጻፈው ግን መሰልቸቱን ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለቀለም መስታወት ያለው ቤት እሱ ከሞተ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ቸኳዩ ጎብኚ ባለስሙ ያልኖረበትን ቤት አይቶ፣ ሰው ያለበትን ቤት ሳያይ ይመለሳል። ቆይታው የሚጠቅመው ሰው ለማግኘት ከሆነ ነው።

ይህንን እያሰብኩ ወዳላሰብኩት ነገር ደረስኩ። ጌይ ጋሩ እስከ መቼ ሰው ይኖርበታል?

ከእኛ አገር ውጭ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በቻይና ዩናን ግዛት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ፣ ሊጂያንግ የምትባል ጥንታዊት የደጋ ከተማ አለች። የናሺ ሕዝብ ከተማ ናት፤ ውኃ በየመንገዱ ቦይ ያልፍባታል። ዩኔስኮ በ1990 ዓ.ም መዘገባት። ጎብኚው ጎረፈ። ብዙዎቹ የናሺ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለነጋዴ እያከራዩ ወደ አዲሱ ከተማ ወጡ፤ አሮጌው ከተማ ሱቅና የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ጣሪያው አለ፣ ቦዩ አለ፣ ፋኖሱ አለ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ተመናምኗል። ዞሮ ዞሮ ፎቶ ለማንሳት የምትመች ከተማ ሆናለች። ቸኳይ ጎብኚ የሚፈልገው ከተማ ይኸው ነው፤ በፈለገው ዓይነት ተሠርታለታለች።

ሐረር እስካሁን ከዚህ ተርፋለች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ወደ ተራራው ሳይወጣ ድሬዳዋ ላይ መቅረቱ ንግዷን ቢወስድባትም ጀጎልን ከመፍረስ ያዳነው ይመስለኛል። አሁን ግን የሚያስፈራው በውስጥ ያለው ነው። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ እንክብካቤ ይፈልጋል። ባለቤቱ አቅም ሲያጥረው በሲሚንቶ ይለስነዋል፤ ያኔ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል። የአፈሩ ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮ ይለብሳል። ከተማዋ ትጠጣው የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ውኃ ከድሬዳዋ በኩል እስኪመጣላት ድረስ የጀጎል ሴቶች በጀሪካን ያዩትን መከራ እነሱ ያውቁታል። ወጣቱ ከግንቡ ውጭ ሰፊ ቤት፣ ቧንቧና መኪና ማቆሚያ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ከመንገድ መብራትና ከንጣፍ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የቤቶቹ ባዶ መቅረት ነው። የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የበዓሉ ልብስ የሚለበሰው፣ ስፌቱ የሚሰቀለው፣ ግድግዳው የሚቀባው ሰው ቤቱ ውስጥ ሲኖር ነው። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከየቤቱ ለዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍትና ቅርሶች በሙዚየማቸው ተርፈዋል። ኑሮ ግን ሙዚየም ተወስዶ አይተርፍም።

ስለዚህ የመንግሥት ገንዘብ ካለ ከአደባባዩ አስቀድሞ ወደ ቤቶቹ ይግባ። በጭቃና በጥድ እንጨት መጠገን የሚያውቁ የቀሩት ግንበኞች ለወጣት ያስተምሩ፤ ጌይ ጋሩን በቀድሞው አሠራር የሚያድስ ባለቤት ወጪው ይደገፍለት። ለእኛ ለጎብኚዎቹ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። ሐረር ስትሄዱ ጀጎል ውስጥ እደሩ። እንግዳ የሚያሳድሩ ጌይ ጋሮች አሉ፤ አልጋው የናንተ ሆቴል አልጋ ላይሆን ይችላል፣ ገንዘባችሁ ግን በቀጥታ የዚያን ቤት ጣሪያ ይጠግናል። አስጎብኚያችሁን «ምን ቀረን?» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ «ማን ቤት ቡና እንጠጣለን?» በሉት። ለቡናውም፣ ለቤቱም፣ ለጊዜያቸውም በአግባቡ ክፈሉ። ስፌት ከወደዳችሁ ከሰፋችው ሴት እጅ፣ ያለ ክርክር ግዙ። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ቁልቢ የምትወርዱ ደግሞ ከወዲሁ ፈቃዳችሁን አንድ ሁለት ቀን አስረዝሙ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ አባቶቻችን፤ ሐረር ላይ ያፈሰሳችሁትን የምትለቅሙበት ሌላ ቦታ የለም።