በደዶ የአደጋ ዝግጁነት ሥልጠና ምን ያስቀድም?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው።

ከጅማ ከተማ በስተደቡብ፣ በደዶ ተዳፋት ላይ ለሚያርሱ ገበሬዎች የሚሰጥ ሥልጠና ከዚህ አደጋ ሊነሣ ይገባል። ከመንግሥት ባለሙያ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መማር ያለበት የነፍስ አድን ሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ ነው፤ ይኸውም ተዳፋቱን የሚከታተል ጠባቂ ሳይመደብ፣ መሸሻ ሳይለይ ቁፋሮ አለመጀመር ነው።

ወገን ተቀብሮ ሳለ «ቆዩ» ማለት ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ስለሆነም ውሳኔው ለአደጋው ሰዓት ሊተው አይገባም፤ ክረምት ሳይገባ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በአፋን ኦሮሞ ተመክሮበት ኃላፊው አስቀድሞ ሊሰየም ይገባል።