ለመንገደኛው ዋሱ ማን ነው?

በዕረፍት ጊዜው አገር ለማየት ያሰበ ወጣት በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያስወጣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከወር ደመወዙ ላይ እየቈጠበ ያጠራቀመ ሰው ለገንዘቡ ቢሳሳ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ነገሩ ቢበላሽ ገንዘቤን የሚመልስልኝ፣ እኔንም ወደ ቤቴ የሚያደርሰኝ ማን ነው?» የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ነው።

እንደሚታወቀው ጉዞ በሁለት መንገድ ይሰናዳል። አንደኛው መንገደኛው ራሱ የአይሮፕላኑን ቲኬት ከአንዱ፣ የሆቴሉን ክፍል ከሌላው፣ መኪናውን ከሦስተኛው እየገዛ የሚገጣጥመው ነው። ሁለተኛው አንድ ድርጅት መጓጓዣውንና ማደሪያውን፣ አንዳንድ ጊዜም ምግቡን ጭምር አጠቃልሎ በአንድ ዋጋ የሚሸጥለት የጥቅል ጉዞ ነው። በተማሩት ወጣቶች ዘንድ ዛሬ የሚወደደው የመጀመሪያው ነው። በስልኩ ዋጋ አወዳድሮ ቲኬቱን የሚቈርጥ ሰው፣ ከአስጐብኚ ኋላ ተሰልፎ የሚሄደውን እንዳልሠለጠነ ይቈጥረዋል። ይህ ግን ከሒሳብ ይልቅ ከኩራት የመጣ ፍርድ ነው እንላለን።

የጥቅል ጉዞ የተጀመረው ለድኃው ኪስ ታስቦ ነው። ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ አናጢ ስለ መጠጥ ጐጂነት የሚሰብክ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ሰብስቦ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ከተማ በባቡር ወሰደ፤ ከእያንዳንዱ የተቀበለውም አንድ ሽልንግ ነበር። በ1950ም ቭላዲሚር ራይትስ የተባለ ወጣት ነጋዴ አይሮፕላን ተከራይቶ እንግሊዛውያንን ወደ ኮርሲካ ደሴት አሻገረ። መንገደኞቹ ያደሩት በድንኳን ነው፤ ነገር ግን በረራው፣ ማደሪያውና ምግቡ በጠቅላላው 32 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሎንዶን ወደ ኒስ ደርሶ መልስ የመደበኛው አይሮፕላን ቲኬት ብቻውን ወደ 70 ፓውንድ ያህል ያስከፍል ነበር። ምስጢሩም ግልጽ ነው። አይሮፕላኑ ባዶ ወንበር ይዞም ቢበር ነዳጁ ያው ነው፤ ሲሞላ ግን ወጪው በብዙ ሰው ይካፈላል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህን ስንል የጥቅል ጉዞ ሁልጊዜ ይረክሳል ማለታችን አይደለም። ርካሽ አየር መንገዶች ከበዙና ሆቴሎችም ክፍላቸውን ለመንገደኛው በቀጥታ መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ ሚዛኑ ተለዋውጧል። ወደ አንዲት ከተማ ለሦስት ቀን የሚሄድ፣ ሰው ከሚበዛበት ወራትም የሚሸሽ ሰው፣ ራሱ ቢያሰናዳው ብዙ ጊዜ ይጠቀማል። ከዚህም በላይ ደስ ባለው ሰዓት ይነሣል፣ ደስ ባለው ስፍራ ይውላል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ዋጋው የሚታወቀው ሲከፈል ሳይሆን ሲበላሽ ነው። በ1974 በኦገስት ወር ኮርት ላይን የተባለው የእንግሊዝ የጉዞ ኩባንያ ሲከስር በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በሰው አገር ቀሩ፤ ከፍለው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩትም በብዙ ተጐዱ። ከዚህ በኋላ ፓርላማው በ1975 የመጠባበቂያ ገንዘብ አቋቋመ። የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1990 መመሪያ አወጣ፤ በ2015 የተሻሻለው መመሪያ ጥቅሉን የሸጠው ድርጅት ለእያንዳንዱ አገልግሎት ተጠያቂ እንዲሆንና ለኪሳራው ቀን ዋስትና እንዲያስይዝ ያዝዛል። ሻጩ ከውሉ በኋላ ዋጋውን ከመቶ 8 በላይ ከፍ ቢያደርግም ገዢው ያለ ቅጣት ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

የዚህ ሕግ ጥቅም በ2019 ተፈተነ። ከቶማስ ኩክ የተወረሰው ኩባንያ ከ178 ዓመት በኋላ ሴፕቴምበር 23 ቀን በዕዳ ወደቀ። በዚያች ቀን ከ150 ሺህ በላይ የእንግሊዝ መንገደኞች በውጭ አገር ነበሩ። የሲቪል አቪየሽኑ ባለሥልጣን አይሮፕላኖች ተከራይቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ140 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ወደ አገራቸው መለሰ። በማሳፈሩ በኩል ልዩነት አልተደረገም፤ ልዩነቱ የታየው በገንዘቡ ላይ ነው። በዋስትና የተያዘውን ጥቅል የገዛው የሆቴሉ ሒሳብ ተከፈለለት፣ ገና ያልተነሣውም ገንዘቡ ተመለሰለት። ቲኬቱን ለብቻው የገዛው ግን ከባንኩ ወይም ከመድን ድርጅቱ ጋር መከራከር ነበረበት። ለዚህ ዋስትና በየሰዉ ይታሰብ የነበረው 2 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር!

ሕግ መኖሩ ብቻም አይበቃም። በዚያው ኪሳራ ምክንያት በጀርመን አገር መድን ሰጪው ሊከፍል የሚገደደው እስከ 110 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ስለ ነበረ ለተበዳዮቹ ሁሉ ሳይዳረስ ቀረ፤ መንግሥትም ጐደሎውን ለመሙላት ተገደደ። ዋስ የሚባለው በቂ ሀብት ያለው ሲሆን ነው።

«ይህ የአውሮፓ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እኛን በብዙ ያገባናል። ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ ወጣት ገንዘብ ለማዳን ሲል ከአዲስ አበባ ዱባይ በአንድ ቲኬት፣ ከዱባይ ወዲያ በሌላ ኩባንያ ቲኬት ቢገዛ፣ የመጀመሪያው አይሮፕላን ቢዘገይበት ሁለተኛው ኩባንያ አይጠብቀውም፤ ኪሳራውም የራሱ ነው። በአገር ውስጥም ለቁልቢ ገብርኤልና ለላሊበላ ገና «መጓጓዣ፣ ምግብና ማደሪያን ጨምሮ» እየተባለ በአንድ ዋጋ የሚሰናዳው ጉዞ ሌላ ሳይሆን የጥቅል ጉዞ ነው። አውቶቡሱ ቢሰበር፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ ወይም ተሳፋሪው ሳይሞላ ቢቀር የተከፈለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ በእጅ ያለው መልስ የአዘጋጁ ቃል ብቻ ነው። አዘጋጁ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቅንነት ግን የተሰበረ አውቶቡስ አይጠግንም።

ዋስ መጥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ ይህም የሚሆነው ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን የነገውን የሚያውቅ ስለሌለ ነው። በሰፈር ዕቁብ የምንጠነቀቀውን ያህል ለጉዞ በምንከፍለው ገንዘብ የማንጠነቀቀው ለምንድን ነው? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱን ያልጠየቀ ግን አዋጁ በወረቀት ላይ ይቀርበታል።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ጉዞው አንድ ቲኬትና አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ራሳችሁ ግዙት፤ ሊመለስ የሚችለውንና የማይመለሰውን ለዩ። ብዙ ሰንሰለት ያለው፣ አንዱ ሲበጠስ ሁሉ የሚበጠስ ጉዞ ከሆነ ግን ጥቂት ብር ጨምራችሁም ቢሆን ተጠያቂው አንድ ከሆነ ድርጅት ግዙት። በሁለቱም ዘንድ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ጉዞው ቢሰረዝ ምን እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሁን፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውንም አትርሱ። በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምታረቁ ወጣቶች ደግሞ፣ የመንገደኛ ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ዋስትና የሚያስይዝበትን መንገድ ብታስቡበት፣ ለብዙ ሰው ላብ ዋስ ትሆናላችሁ።