ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በሜዳችን ላይ በረድፍ የተያያዙ መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩ ነው፣ ፕላኑም እየተገመገመ ነው ሲባል ሰምተናል። መቼም ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት አይሠራ የሚል ከመካከላችን የለም። ልጆቻችን በኪራይ ሲንገላቱ እያየን እንዴት እንዲህ እንላለን? የምንቃወመው በጓዳ የሚደረገውን ግምገማ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ታዲያ ሕዝቡ የታለ?

ሦስት ጥያቄ አለን። ሜዳው ሲገነባበት የክረምቱ ጎርፍ በማን ጓሮ ሊወርድ ነው? የእድሩ ድንኳን የት ይተከላል? ቤቱንስ የሚገዛው ማነው፣ የእኛ ልጆች ወይስ ባለገንዘብ?

አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ሠፈሮች ሲፈርሱ፣ አብሮ የኖረ ጎረቤት ተለያየ፤ እድርተኛም ተበተነ። ከሆነ በኋላ መጮህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ስለዚህ ፕላኑ ሳይጸድቅ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ! ስብሰባም ይጠራ! እስከዚያው ማንም ነዋሪ ፕላኑን ሳያይ እንዳይፈርም አጥብቀን እናሳስባለን።

የነዋሪዎች ማኅበር