ልጆቻችንን ደን ከማስገባታችን በፊት የሚያስገባቸውን ሰው እናሠልጥን



በመጽሔታችሁ ባለፈው እትም የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቶቻችን ልጆችን ከክፍል አውጥተው በደን ውስጥ እንዲያስተምሩ የሚያሳስብ ጽሑፍ አንብቤ እጅግ ደስ ብሎኛል። በለንደን ዳርቻ ከትንንሽ ልጆች ጋር በዚሁ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ግን በዝምታ ላልፈው አልችልም። ጸሐፊው ደንና በጎ ፈቃደኛ ከተገኘ ሌላው በራሱ ይመጣል የሚል እምነት አላቸው። በራሱ አይመጣም። ልጆችን በደን ውስጥ የሚያስተምራቸው የሠለጠነ ሰው ነው፤ ደኑ ብቻውን አያስተምርም።

«ፎረስት ስኩል» የሚባለው የደን ውስጥ ትምህርት በእንግሊዝ የተጀመረበት ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1993 በሶመርሴት የሚገኘው የብሪጅዎተር ኮሌጅ የሕፃናት እንክብካቤ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ዴንማርክ ሄደው፣ ትንንሽ ልጆች ክረምት ከበጋ ደጅ ውለው ሲማሩ ተመለከቱ። ሲመለሱም ያዩትን በኮሌጁ የሕፃናት ማቆያ ጀመሩ። በዚህ ግን አላቆሙም፤ ብዙ ሳይቆይ ኮሌጁ አዋቂዎችን ለዚህ ሥራ ማሠልጠን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመው የፎረስት ስኩል ማኅበርም ከስድስቱ መርሆቹ አንዱን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቶ፣ መሪው ብቃቱ የተመሰከረለትና ሙያውን ዘወትር የሚያሻሽል ይሁን ይላል። ለዚህም የደረጃ 3 የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ሠልጣኙ መጀመሪያ ደን ውስጥ ገብቶ ይማራል፤ ቀጥሎ ለወራት ከልጆች ጋር እየሠራ ያየውን ይመዘግባል፣ የሚሠራበትን ደን ያጠናል፣ ከሕክምና መስጫ በራቀ ቦታ የመጀመሪያ ርዳታ መስጠትን ይለማመዳል።

ብዙ ሰው ሥልጠና ሲባል የሚታየው እሳት ማንደድ፣ መጋዝና ቢላ መያዝ፣ ገመድ መቋጠር ነው። እነዚህም አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ምክንያት ያለው ሥርዓት አላቸው። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ግንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ክቡን ማንም አቋርጦ አያልፍም። ወደ እሳቱ የሚቀርብ ልጅ አንድ ጉልበቱን ይንበረከካል፤ ቢያስፈልገው ወደፊት ሳይደፋ ወደ ኋላ እንዲል ነው። ውኃው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት አጠገብ ይቀመጣል። እንጨት የሚፍቅ ልጅ ክንዱን ዘርግቶ በዙሪያው ሰው አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ጓንቱን የሚያጠልቀው መሣሪያ ባልያዘው እጁ ነው። ይህን ማንኛውም ትጉ ሰው በጥቂት ቀናት ሊይዘው ይችላል። ከባዱ ትምህርት ሌላ ነው።

የከባዱ ትምህርት የመጀመሪያው ክፍል እጅን ሰብስቦ ማየት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጠዋቱን ሙሉ ድንጋይ በባልዲ ከአንድ ዛፍ ሥር ወደ ሌላው ሲያመላልስ ዋለ እንበል። ያልሠለጠነ አዋቂ ልጁ የተሰላቸ ይመስለውና «ና፣ ቅጠል እንልቀም» ብሎ ይጠራዋል። የሠለጠነው ግን ልጁ በዚህ ማመላለስ ክብደትን፣ ርቀትንና ብዛትን እየመረመረ እንደሆነ ያውቃል። አያቋርጠውም፤ ያየውን ይጽፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ገመድና ሳንቃ እዚያው አካባቢ ያኖርለታል፤ ልጁም ድንጋዩን የሚጎትትበትን ዘዴ ራሱ ይፈጥራል። የሚቀጥለው ትምህርት የሚታቀደው ልጁ ራሱ ካሳየው ነገር ተነሥቶ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ሰምተን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። ፍቅራችንን የምንገልጸው ለልጁ ሠርተን በመስጠት፣ ቀድመን በመንገርና በማረም ነው። ክፉ ልማድ ነው አልልም፤ ልጁ የራሱን ሐሳብ እስኪጨርስ መታገሥ ግን ተምረንና ተለማምደን የምናገኘው ችሎታ ነው።

ሁለተኛው ክፍል አደጋን የሚመለከት ነው። ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች የሚሹትን ደፋር ጨዋታ በስድስት ከፍላ አሳይታለች፦ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ስለት ያላቸው መሣሪያዎች፣ እንደ እሳትና ውኃ ያሉ አደገኛ ነገሮች፣ ትግል፣ እንዲሁም ከአዋቂ ዓይን ርቆ መሄድ። የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ የጨዋታ ዓላማ አደጋን ጨርሶ ማጥፋት ሳይሆን ከጥቅሙ ጋር መመዘን መሆኑን አስታውቋል። ይህን ሚዛን ግን የሚይዘው ቦታው ላይ የቆመው ሰው ነው። ዛፍ ላይ የወጣን ልጅ «ተው፣ ትወድቃለህ!» ብሎ መጮኽ ልጁን ያስደነግጠዋል እንጂ አይጠብቀውም። የሠለጠነ ሰው ጠጋ ብሎ «ቀጥሎ እግርህን የት ታሳርፋለህ? ቅርንጫፉ ይችልሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ቅርንጫፉን በእግሩ ይሞክራል፣ ያስባል፣ ይወስናል።

ይኸው ሰው ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ደኑን ዞሮ አይቷል። ሊወድቅ የደረሰ ደረቅ ቅርንጫፍ እንዳለ ለማረጋገጥ ሽቅብ ይመለከታል፤ በብሪታንያ ደኖች የአሽ ዛፍን በሽታ እየጨረሰው ስለሆነ ይህ የዘወትር ሥራ ነው። ነፋሱ ከበረታ የዕለቱን ትምህርት ይሰርዛል። ልጆቹ ወደ ቤት ሲመለሱ መዥገር ይዟቸው እንደሆነ ወላጆች እንዲያዩ ይነግራል። ሲጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ማለቱ የብርድ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። «ልጄን ብርድ ይመታብኛል» ለምትል እናት ትክክለኛው መልስ ይህ እውቀትና በቦርሳው የተያዘው ትርፍ ልብስ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ደኑን ራሱን የሚመለከት ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቦታ የሚረማመዱ ልጆች አፈሩን ያጠነክሩታል፤ ቡቃያውን ይረግጣሉ። በጸደይ የሚያብበው ብሉቤል ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ይወስድበታል። መሪው ቦታ እያፈራረቀ መሬቱን ያሳርፋል፤ የበሰበሰውን ግንድ የጢንዚዛ ቤት ነውና አያስነሣም፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ እሳት አያነድም። ብዙዎቻችን በአቅራቢያው የምንኖረው የኤፒንግ ደን ዛሬ ድረስ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1878 በወጣ ሕግ ስለተጠበቀ ነው። የሕዝብ ሀብት ነውና ስንገባበት ጠባቂዎቹ ሆነን እንግባ።

«እኛ ገጠር ያደግነው ማን ሠልጥኖልን ነው?» የሚሉ ወገኖቼን ጥያቄ አከብራለሁ። እውነቱ ግን እረኛ ልጅም ያለ አስተማሪ አላደገም። ታላላቆቹ ተከትለውት ውለዋል፤ የትኛው ወንዝ ሲሞላ እንደማይሻገሩት፣ የትኛው ፍሬ እንደሚበላ፣ ሳማ የት እንደሚበቅል ዓመታት ወስደው አሳይተውታል። አካባቢውን በየቀኑ እየዋለበት ያውቀዋል፤ አካባቢውም እርሱን ያውቀዋል። ለንደን ውስጥ በፎቅ ቤት ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህ ሁሉ የለውም፤ ቅዳሜ ጠዋት ደን የሚወስደው በጎ ፈቃደኛም የዚህን አገር ዕፀዋት አያውቃቸው ይሆናል። ሥልጠናው ያንን የጎደለውን ይሞላል። እረኝነት ብዙዎቻችንን ከትምህርት ገበታ ያራቀ ከባድ ሥራ እንደነበረም አልዘነጋም፤ «ልጄን ጭራሮ ሊለቅም አልላክሁትም» የሚል አባት ከዚያ ትዝታ ተነሥቶ ነው የሚናገረው። እርሱን የሚያሳምነው ልጁ ደን ውስጥ ምን እንደተማረ በየሳምንቱ መዝግቦ ማስረዳት የሚችል መሪ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ሰው በደረጃ 3 ለመሪነት፣ አንድ ሰው ደግሞ በደረጃ 2 ለረዳትነት ያሠልጥን። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ ጊዜውም ወራት ይፈጃል፤ ነገር ግን ለአንድ የበዓል ዝግጅት አዳራሽ ስንከራይ ከዚህ ያላነሰ እናወጣለን። ሥልጠናው እስኪያልቅ ልጆቹን ብቃት ባላቸው መሪዎች ወደሚመሩ የደን ትምህርቶች እንላክ። የምንጀምረው ትምህርትም አንድ ቀን ታይቶ የሚቀር ሽርሽር አይሁን፤ ቢቻል ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከእነዚያው ልጆች ጋር፣ ወቅቶች እየተፈራረቁ ይቀጥል። ወላጆችም ልጆቻቸውን ከመላካቸው በፊት መሪው ሥልጠናውን የት እንደጨረሰ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ምስክር ወረቀቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን፣ የአደጋ ግምገማው በጽሑፍ መኖሩንና የደኑ ባለቤት መፍቀዱን ይጠይቁ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ትምህርት ቤት ልጆችን ይዞ ደን መግባት የለበትም።

 በሚቀጥሉት እትሞቻችሁ ሥልጠናው የት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚገኝ ለአንባቢያን ብታሳውቁ፣ ብዙ የማኅበረሰባችን ወጣቶች በዚህ ሙያ ለመሠማራት እንደሚነሡ አምናለሁ።


የመጽሔታችሁ የዘወትር አንባቢ
ከለንደን