ናፍጣውን የሚጠጣው ብርዱ ነው ወይስ ብሎኑ?

መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የከተማችን ባለመኪና ወግ አንድ ዓይነት ሆኗል፡፡ ያኔ በሊትር 35 ብር ገደማ ይሸጥ የነበረው ናፍጣ በአንድ ጊዜ ወደ 49 ብር ገባ፤ በ2017 ዓ.ም. ታህሳስ መጨረሻ 100 ብር ጫፍ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ያንንም ተሻገረ፡፡ ስለዚህ ሁለት ባለመኪኖች ሲገናኙ ከጤናና ከልጆች ቀጥሎ የሚጠያየቁት «ያንተ በሊትር ስንት ይሄዳል?» ነው፡፡ መልሱ ደግሞ ሁልጊዜ ከሰበብ ጋር ይመጣል፡፡ በህዳር «ብርዱ ነው» ይባላል፡፡ በሐምሌ «ዝናቡ ነው»፡፡ አፋር ደርሶ የመጣ «ሙቀቱ ነው» ይላል፡፡ ሰበብ ሲጠፋ ማደያው ይታማል፡፡

እኔም ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ ባለቱርቦ ናፍጣ ላንድክሩዘር ስላለኝ ከዚህ ሐሜት ውጭ አልነበርኩም፡፡ ልዩነቴ ማስታወሻ ደብተር መያዜ ብቻ ነው፡፡ ታንኩን እስከ አፉ እሞላለሁ፤ የሄድኩትን ኪሎ ሜትር እጽፋለሁ፤ እንደገና እስከ አፉ ስሞላ የገባውን ሊትር አካፍላለሁ፡፡ ለዓመታት በሊትር 7 ተኩል ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄድ የነበረ መኪና በአንድ ወቅት ወደ 6 ወረደ፡፡ በወር 1000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት 33 ሊትር ነው፡፡ ሊትሩን በ100 ብር ብናሰላው እንኳ በየወሩ ከ3300 ብር በላይ በጭስ ማውጫው ይወጣል ማለት ነው፡፡

ወቅቱ ብርድ ስለነበር ብርዱን ከሰስኩ፡፡ ደብተሩን ወደኋላ ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ፡፡ ቁጥሩ ከመውረዱ በፊት እንጦጦን ሲወጣ ጉልበት አነሰው ብዬ መኪናውን አንድ ጋራዥ ወስጄው ነበር፡፡ ወጣቱ መካኒክ ቦኔቱን ከፍቶ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለችውን ብሎን በመፍቻ ትንሽ አዞራት፡፡ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም፡፡ መኪናው በረረ፡፡ ጉርሻ ሰጥቼው፣ መርቄው ተለየሁ፡፡

ነገሩን ለመረዳት ከአየሩ መጀመር ያስፈልጋል፡፡ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ነች፡፡ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ሲተነፍስ የሚያገኘው አየር በሩብ ያህል ይቀንስበታል፡፡ ቱርቦ ያለው የተሻለ ዕድል አለው፤ ጉዳቱ ግን ጨርሶ አይቀርለትም፡፡ የአብዛኞቹ የድሮ ቱርቦዎች መቆጣጠሪያ የሚሠራው ከውጭው አየር አንጻር ነው፡፡ ቱርቦው ከውጭው በላይ 0.7 ባር ይጨምር ቢባል፣ ወደቡ ላይ ሞተሩ በድምሩ 1.7 ባር ያገኛል፡፡ አዲስ አበባ ላይ ግን 0.76 ላይ 0.7 ተደምሮ 1.46 ገደማ ይሆናል፡፡ ወደ 14 በመቶ ጎደለ ማለት ነው፡፡

እንግዲህ ባለሙያው መጠየቅ የነበረበት «አየሩ በጎደለበት ቦታ ናፍጣው ምን ይሁን?» ብሎ ነው፡፡ ትክክለኛው መልስ «በዚያው ልክ ይቀንስ» ነው፡፡ በጋራዦቻችን የተለመደው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጉልበት ሲያንስ ናፍጣ ይጨመራል፡፡ የተጨመረው ናፍጣ በከፊል ጉልበት ይሰጣል፤ ስለዚህ ባለመኪናው ይደሰታል፡፡ የቀረው የሚያቃጥለው አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፡፡ በእርግጥ ሜዳ ላይ በቀስታ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ብዙ አይታይም፤ ናፍጣ ሞተር በቀላል ጭነት ጊዜ የሚተርፍ አየር አለው፡፡ ጉዱ የሚወጣው ዳገት ላይ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ነው፡፡ የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ አብዛኛው ዳገት ነው፡፡

ብርዱስ ጨርሶ ነፃ ነው? አይደለም፡፡ ግን የብርዱን እጅ ያረዘምነው እኛው ነን፡፡ ብርድ አየርን ጥቅጥቅ ያደርጋል፤ የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ አየሩ በ3 በመቶ ከምናምን ይጨምራል፡፡ ይህ ለቱርቦ ሞተር ጥቅም ነው፡፡ የብርድ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ናፍጣውም በደንብ አይቃጠልም፡፡ ጤነኛ ሞተር ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፡፡ የኔ ግን አያልፍም ነበር፡፡ ምክንያቱን ያገኘው ሌላ፣ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ናቸው፡፡ የሙቀት መለኪያውን አይተው «ቴርሞስታቱ የት ሄደ?» አሉኝ፡፡ ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ሞተሩ እንዳይፈላበት ፈርቶ አስወጥቶት ኖሯል! አገራችን ውስጥ ይህን ያህል የተለመደ ሕክምና የለም፤ መኪና ከፈላ ቴርሞስታት ይወጣል፡፡ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግን በአዲስ አበባ የህዳር ጠዋት የሚፈለገው 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳይደርስ ልጆች ትምህርት ቤት ወርደው፣ አባትም ቢሮ ገብቶ ያልቃል፡፡ በየቀኑ፣ ሁለት ጊዜ፡፡

የሙቀቱ ክስ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፡፡ ሰመራ በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያለው አየር እንኳ ከአዲስ አበባው አየር ከ10 በመቶ በላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሙቀቱ የሚወስደው ዝቅታው ከሚሰጠው ያንሳልና፡፡ ስለዚህ ቆላ የወረደ መኪና በአየር እጥረት አይከሰስም፡፡ የሚከሰሰው በሌላ ነው፡፡ የኔን መኪና የመሰሉ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞተሮች (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ኢንተርኩለር አልነበራቸውም፤ በቱርቦው ተጨምቆ የጋለው አየር ሳይቀዘቅዝ ነው ሞተር ውስጥ የሚገባው፡፡ በዚያ ላይ ብሎኑ ተከፍቶ ናፍጣ ሲበዛ የጭሱ ሙቀት ቱርቦውንም ፒስተኑንም እስከ መጉዳት ይደርሳል፡፡ በዚህ ጊዜ የነዳጅ ወጪው ትንሹ ጉዳይ ነው፡፡

የክረምቱን ዝናብ በአጭሩ ልለፈው፡፡ እርጥብ መንገድና ጭቃ ጎማን ይይዛሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚፈጠረው የትራፊክ መጨናነቅ ነው ነዳጁን የሚበላው፡፡

ይህ የአንድ ሰው መኪና ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደ ሰፊው ጉዳይ ልምጣ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፡፡ የሁለቱም ዓላማ ይገባኛል፤ ነዳጁን በሙሉ ከውጭ የምናስገባው በዶላር ነው፡፡ ነገር ግን ሁለቱም የሚመለከቱት ሊገባ ያለውን እንጂ የገባውን አይደለም፡፡ እንዲያውም አዲስ መግዛት በከበደ መጠን የያዘውን አጥብቆ የሚይዘው ይበዛል፡፡ ስለዚህ የነዚህ አሮጌ ሞተሮች ቅኝት ከግል ኪስ አልፎ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው፡፡ እኔ ለቦሎ መኪናዬን ሳስመረምር ፍሬኑና መብራቱ ታየ፤ ጭሱን የለካው ግን የመርማሪው ዓይን ብቻ ነበር፡፡

ችግሩ እውቀት ማጣት ብቻ ነው ብዬም አላምንም፡፡ ፓምፑን ለማስተካከል ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የነበረውን የባለቱርቦ አይሱዙ ሾፌር ለምን ብሎኑን እንደማያስዘጋው ጠየቅኩት፡፡ «ጋሼ፣ ጣርማ በርን ጭኜ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ናፍጣውን የሚሞላው ባለቤቱ ነው» አለኝ፡፡ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነውን ያንን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚወጣ፣ በሚያደርሰው ጭነት ልክ ለሚከፈለው ሰው የሚሰጥ መልስ አጣሁ፡፡ ከፋዩና ነጂው እስከተለያዩ ድረስ የመካኒኩም ጉርሻ የሚመጣው ከነጂው ነው፡፡

የኔ ፓምፕ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ተለክቶ ለዚህ ከፍታ ተስተካከለ፤ ቴርሞስታት ተገዛ፤ ከቱርቦው የሚወጣው የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ተቀየረ፤ የአየር ማጣሪያውም እንዲሁ፡፡ እንጦጦን አሁን የምወጣው በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ከኋላዬ ያሉት ሚኒባሶች ጥሩምባ ይነፉብኛል፡፡ ደብተሬ ላይ ያለፉት አራት ሙሌቶች አማካይ 7.2 ነው፡፡ የቀረችውን ከኖዝሎቹ ፈልጋት ብለውኛል ሽማግሌው፡፡