የዓይን ጉዞና የሰው ጠባይ

በቦሌና በሲኤምሲ አካባቢ በሚሠሩ አፓርታማዎች «ስማርት ሆም» የሚባለው መሣሪያ እየታየ ነው፤ መብራቱም ሆነ የበሩ ካሜራ ከአንድ ስክሪን ይታዘዛል። ለመሆኑ ያንን ስክሪን ሁላችንም የምናየው በአንድ ዓይነት ነውን?

ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው ቦታ ጠባብ ነው፤ ክንዳችንን ዘርግተን ስናየው የአውራ ጣታችንን ስፋት ያህል፣ ማለትም 2 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ ዓይን በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል። ወዴት እንደሚዘልስ ምን ይወስነዋል? የሶቪየቱ ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፉ፣ ለአንድ ሥዕል ተመልካች የሚቀርበው ጥያቄ ሲለወጥ የዓይኑ ጉዞም እንደሚለወጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተዘዋወሩ 42 ሰዎችን ዓይን ተከታትሎ፣ ከእንቅስቃሴው ጠባያቸውን በከፊል መገመት እንደሚቻል አመልክቷል።

ነገሩ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ እንግዳ አይደለም። የካርድ ቆጣሪውን አንዱ በየዕለቱ ያየዋል፤ ሌላው መብራት ሲጠፋበት ብቻ። ቆጣሪ ቢዘነጋ ጉዳቱ የአንድ ሌሊት ጨለማ ነው፤ በስክሪን ጥግ የተሸሸገ የጭስ ማስጠንቀቂያ ቢዘነጋ ግን ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ «ቴክኖሎጂ አይገባቸውም» ብሎ ተጠቃሚውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

በእኛ እምነት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ለተመልካቹ ጠባይ ሊተው አይገባም፤ ምልክቱ በመሃል፣ ቤተሰቡ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ከድምፅ ጋር ይቅረብ። ነገ መሣሪያ የምትነድፉ ተማሪዎችም ሥራችሁን በራሳችሁ ዓይን ብቻ አትመዝኑ፤ ችኩሉንም፣ ዝግተኛውንም፣ አዛውንቱንም አስሞክሩና ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ልብ በሉ።